ለአባቴ የታዘዘ ንፋስ

አባቴን ለሳንባ ካንሰሩ ከታዘዙለት ነገሮች ሁሉ እንደ ማራገቢያው ያናደደው የለም። መርፌውን ችሏል። ጨረሩንም "ፎቶ እንደ መነሳት ነው" ብሎ ተቀብሎታል። ነርሷ ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህል፣ በባትሪ የምትሽከረከር ሰማያዊ ማራገቢያ አውጥታ፣ "ትንፋሽ ሲያጥርህ ይህቺን ፊትህ አጠገብ ያዛት፤ ነፋሱ አፍንጫህንና አፍህን ይንካው" ስትለው ግን፣ እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አሜሪካ ድረስ መጥቼ..." አለ። ትንሽ አረፈ። "የታዘዘልኝ... ንፋስ ነው?"

ንዴቱ እንዲገባችሁ ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ። አባቴ የወሎ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። አውቶቡስ የነዳ ሰው ስለ መስኮት የጸና አቋም አለው። ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ፣ ላቡ ከጣሪያው እየተንጠባጠበ፣ አንድ ምስኪን መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ከከፈተ ከኋላ ወንበር "ዝጋው! ልታስመታን ነው?" የሚል ድምፅ ይመጣል። አባቴ ሁልጊዜ የሚፈርደው ለዘጊው ነበር። በእሱ እምነት የሰው ልጅ ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ ንፋስ፣ ሌላው የትራፊክ ፖሊስ። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ፒከሪንግተን ወዳለው ቤታችን ያመጣሁት ቀን መጀመሪያ የሠራው ሥራ፣ በክፍሉ ጣሪያ ላይ ያለውን የአየር መውጫ በፕላስተር ማሸግ ነበር። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለም፤ ፕላስተሩን ያየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አይቶም አልነካውም፤ አማቱን ያውቃል።

እና ነርሷ ለዚህ ሰው ንፋስ አዘዘችለት።

ነርሷ የመጣችው ከማስታገሻ ሕክምና ክፍል ነው። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ስትቆም፣ "ተስፋ ቆርጣችሁ ነው የመጣሽው?" አልኳት፣ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ። "አይደለም" አለችኝ፤ "ሐኪሙ ሕክምናውን እንደ ጀመረው ይቀጥላል። የእኔ ሥራ ትንፋሹ፣ ሳሉ፣ ሕመሙ፣ እንቅልፉ ነው። ቀኑ እንዲቀልለት።" ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣ ጀመር። አባቴ ከእሷ የጠበቀው እንደ ሌሎቹ በሽተኞች በጎማ የሚጎተት የኦክስጅን ብረት ነበር። ጣቱ ላይ መቆንጠጫዋን አድርጋ አየችና ኦክስጅኑ ምንም አልጎደለም አለች። የጎደለው አየር ሳይሆን እፎይታ ነው፤ ፊት ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር አንጎልን ያረጋጋዋል፣ ጭንቀቱም ይረግባል። ይህን ሁሉ ተረጎምኩለት።

"የደላው... አንጎል" አለ አባቴ።

በዚያው ቀን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ እስከ ዛሬ ሐኪም እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። "ከሁሉ በላይ ማድረግ የምትፈልገው ነገር ምንድን ነው? ለዚያ እንሥራ" አለችው።

አባቴ አላሰበም። "ምርቃት" አለ።

እኛ ዘንድ ያለ ምርቃት የሚያልቅ ነገር የለም፤ ኮሎምበስ ውስጥ ደግሞ እንደ አባቴ የሚመርቅ የለም። አዲስ መኪና የገዛ፣ የቤት ቁልፍ የተቀበለ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። የአባቴ ምርቃት እንደ ሌላው ሰው በጅምላ አይደለም፤ ዝርዝር አለው። አንድ ትራክ ነጂ ሊመረቅ መጥቶ፣ "ጎማህን ከሚስማር፣ ፍሬንህን ከመላላት፣ ወገብህን ከቁርጥማት፣ ዓይንህን ከእንቅልፍ፣ መስታወትህን ከጠጠር..." እየተባለ ቆይቶ ቆይቶ፣ የሚጭነው ዕቃ ላይ እንዳይዘገይም ተመርቆ ሲወጣ ዘግይቶ ነበር።

የልጅ ልጁን ግን መርቋት አያውቅም። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በየልደቷ ቀን ፊቱ ስትንበረከክ ራሷን ዳሰስ አድርጎ "ለዛሬ ይቺ ትበቃሻለች፤ ዋናውን ሃይስኩል ስትጨርሺ" ይላታል። እሷም አልረሳችውም። አማርኛውን እየሰማች በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ብትሆንም፣ የምርቃቱን ነገር ለክፍል ጓደኞቿ ሁሉ አውርታላቸዋለች። የምትመረቀው በሜይ መጨረሻ ነው። ነርሷ በመጣችበት በማርች አባቴ በአንድ ትንፋሽ የሚያወጣው ሦስት ቃል ነበር።

ይህን ለነርሷ አስረዳኋትና ወረቀቷ ላይ ጻፈች። አባቴ የጻፈችውን በዓይኑ ለካው፤ አጠረበት። "ርዝመቱን... ንገሪያት" አለኝ።

"ምን ያህል ርዝመት?"

"ግማሽ ሰዓት።"

የነርሷ እስክሪብቶ ቆመ። "አምስት ደቂቃ" አለች። አባቴ ሱቅ ውስጥ እንዳለ ሰው አንገቱን ነቀነቀ። ሃያ አለ። ሰባት አለች። በአሥር ተስማሙ፤ እጅ ለእጅም ተጨባበጡ። ተነስታ ስትሄድ "ጎበዝ... ናት" አለኝ። ማራገቢያዋን ግን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጎ አራቃት።

እዚህ ላይ ስለ ውሸታችን መናገር አለብኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ሐኪሙ በሽታውን የነገረን ቀን አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። ቃሉ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። አባቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ "አትቸገሪ ልጄ፣ ገብቶኛል" አላት። መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። "ለሰው ብርድ ነው በሉ" አለ። "ካንሰር ያልሽ እንደሆነ ሶፋው ላይ ተደርድረው በቁሜ ያለቅሱኛል። እኔ የሚስቅ ሰው ነው የምፈልገው።" እኔም ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ያ ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎ ነበርና ብርድ ማለት ቀለለኝ። ስልክ ለደወለው ሁሉ "ብርድ መቶት ነው፣ ሳንባው ላይ ትንሽ ጠንከር ብሎበት" እያልኩ አዳረስኩ።

ብርድ የመታውን ሰው ሐበሻ ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ያሽገዋል።

ጠያቂው ይጎርፍ ጀመር። ሙዝ፣ ጁስ፣ ሾርባ ይዘው ከሥራ ወጥተው ይመጣሉ፤ ሲገቡም ገና ሰላም ሳይሉ መስኮቱን ያያሉ። የሁሉም አለቃ እትዬ ነበሩ። እትዬ ሁለት መንገድ ዘለው የሚኖሩ፣ የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከሶፋ ለመነሳት ሁለት ሰው ይደግፋቸዋል፤ የተከፈተ መስኮት ካዩ ግን ማንም አይቀድማቸውም። ከአዲስ አበባ የመጣላቸውን ደረቅ ዳማከሴ በፌስታል ይዘው ይመጡና የአባቴን ግንባርና አንገት ያሹታል። ጋቢ ይደርቡለታል። በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ይጨምሩበታል። ራሱ ላይ የሱፍ ኮፍያ ያደርጉለታል። ማራገቢያዋን ያዩ ቀን ደግሞ አንስተው አገላበጧት።

"ይሄን ማን ነው ያመጣው?"

"ነርሷ ናት፣ እትዬ።"

"ነርሷ ፈረንጅ ናታ!" አሉ። ማስረጃው በዚሁ ተጠናቀቀ። "ብርድ በመታው ሰው ላይ ንፋስ? ኧረ ኡኡ ያሰኛል!"

አባቴን አየሁት። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ራሱ በውሸቱ የሸመነው ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

ንፋሱን የሞከረው በድብቅ ነው። አንድ ጠዋት ቤቱ ጸጥ ሲልብኝ ፈለግሁት፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማራገቢያዋን አፍንጫው ሥር ይዞ አገኘሁት። ስኳር ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ መሰለ።

"ይሠራል?" አልኩት።

"ባትሪው... እንዳለ እያየሁ ነው" አለ። ከዚያ ግን ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይሠራል ልጄ። ይሄ ነገር... ይሠራል" አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሲፈርድባቸው የኖረውን መስኮት ከፋቾች ይቅርታ የጠየቀ ያህል ነው የቆጠርኩለት።

ከዚያ በኋላ እኔና እሱ ኮንትሮባንድ እንደሚያሻግሩ ሰዎች ሆንን። ሰው ሲመጣ ማራገቢያዋ ትራስ ሥር ትገባለች። አንዳንዴ አልችል ሲለው ጋቢው ውስጥ ተከናንቦ ያበራታል፤ ጋቢው ዝዝዝ ይላል። እትዬ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"ስልኬ ነው።"

"ያንሱት እንጂ!"

"ኢንሹራንስ... የሚሸጡ ናቸው" ይላል አባቴ ከጋቢው ውስጥ። እትዬም "እነሱማ አይነሳላቸውም" ብለው ይስማማሉ።

በዚህ መሃል ሐኪሙ ለትንፋሹ በጣም ትንሽ ሞርፊን አዘዘለት፤ በጠብታ የሚወሰድ። አባቴ የመድኃኒቱን ስም ከፊልም ያውቀዋል። "ሱሰኛ... ልታደርገኝ ነው?" አለ። ነርሷ አልሳቀችበትም። መጠኑ ትንሽ መሆኑን፣ እየተከታተለች እንደምታስተካክለው፣ ሥራውም ያንን የመታፈን ስሜት ማለዘብ መሆኑን አንድ በአንድ ነገረችው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው አለች፤ ሆድ ያደርቃል። ስለዚህ በየቀኑ የሚያለሰልስ መድኃኒት መውሰድ አለበት፣ እሷም በየማክሰኞው ስለዚህ ነገር ትጠይቃለች።

እናም አባቴ፣ በአርባ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ ውስጥ አንድም ቀን እኔ ፊት "ሽንት ቤት" የሚል ቃል ያልተናገረ ሰው፣ በሴት ልጁ አስተርጓሚነት ስንት ጊዜ እንደወጣ፣ ደረቅ ይሁን ለስላሳ ይጠየቅ ጀመር። የመጀመሪያው ማክሰኞ ሁለታችንም ምንጣፉን እያየን አለፈ። በሁለተኛው አባቴ መላ አመጣ። "አውቶቡሱ... ተነስቷል በያት" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀለለን። "ፌርማታ ላይ ቆሟል" ካለ የሚያለሰልሰው መድኃኒት ይጨመራል። "ፍሬን እምቢ ብሎታል" ያለ ቀን ነርሷ ራሷ መጠኑን ቀነሰችለት። በሦስተኛው ሳምንት በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ገና ኮቷን ሳታወልቅ፣ በአማርኛ "ጋሼ፣ አውቶቡስ?" ማለት ጀመረች።

ምርቃቱንም አሠለጠነችው። ጠረጴዛው ላይ ትራስ አድርጎ በክርኑ ተደግፎ ወደፊት ማዘንበል። የሞቀ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ ማውጣት። መናገር፣ ማረፍ፣ መናገር። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኩሽና ውስጥ ፊቱ ትቀመጥና ስልኳን ይዛ ሰዓት ትቆጥርለታለች። ዋናውን ምርቃት አስቀድሞ እንዳትሰማ፣ ለመለማመጃ ማቀዝቀዣውን ይመርቃል። "ሞተርህ... አይንኳኳ። በርህ... አይላላ። ሆድህ... ባዶ አይደር።"

"አባባ! ቱ ሚኒትስ!" ትለዋለች ልጄ እየዘለለች።

በኤፕሪል አራት ደቂቃ ደረሰ። በማራገቢያዋ ነው ይህ ሁሉ። ከዚያ ሜይ ገባ፤ አየሩ ሞቀ፤ ጠያቂው በዛ፤ መስኮቱ ተዘጋ፤ አባቴም ከአራት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ደቂቃ ወረደ። ነርሷ ማክሰኞ መጥታ ለካችው፣ ግራ ገባት፣ "ማራገቢያውን እየተጠቀመ ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እውነቱን ብነግራት ስለ ብርዱ መንገር ነበረብኝ፤ ስለ ብርዱ ለማስረዳት ደግሞ ሐበሻን ከሥሩ ማስረዳት ነበረብኝ። ጊዜ አልነበራትም።

ምርቃቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ነው፣ ግሮቭ ሲቲ ከምሠራበት ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ ኦቨርታይም ጨርሼ ቤት ስገባ ሙቀቱ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ውጭውም የበጋ ያህል ይሞቃል። ሳሎን ውስጥ ዘጠኝ ሰው አለ፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ኤሲው በእትዬ ትእዛዝ ጠፍቷል። መሃል ላይ አባቴ፤ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ኮፍያ። ትከሻው ከጆሮው እኩል ይወጣል ይወርዳል። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር፤ እኔን ሲጠብቅ ነው የቆየው።

ሮጬ ትራሱን አነሳሁ። ማራገቢያዋ አለች። ቁልፏን ተጫንኩ፤ አትነሳም። ክዳኗን ከፈትኩ፤ ባትሪ የለም።

"ባትሪው የታል?!"

"እንዴ፣ እሱን ለሪሞቱ አደረግነው እኮ" አለ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ። "ቻናል አልቀየር ሲለን እትዬ ሰጡኝ። ምን ችግር አለው?"

መስኮቱን በረገድኩት። ሦስት ሰው ተነስቶ ዘጋው። "ልትገድይው ነው እንዴ ልጅት?" አሉኝ እትዬ። እኔም አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልናገር ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልወጣም አለ። አራት ወር ሙሉ ብርድ ብርድ ስል የከረምኩ ሴትዮ፣ አባቴ ዓይኔ ሥር እየታፈነ፣ አንዲት ቃል አቃተችኝ። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

አባቴ ከጋቢው ውስጥ እጁን አወጣ።

"ካንሰር... ነው።"

ተነፈሰ።

"ብርድ... አይደለም።"

ተነፈሰ።

"ባትሪዬን... መልሱ።"

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ሴት ስለ ምንጣፍ ማጽጃ ትናገራለች። ከዚያ ሰውዬው ሪሞቱን ፈልቅቆ ሁለቱን ባትሪ አወጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ። ማራገቢያዋ ዞረች። አባቴ ወደፊት አዘነበለ፣ ከንፈሩን አሾለ፣ ቀስ ብሎ አወጣ። ዘጠኝ ሰው የአንድ ሰው ትከሻ ላይ አፍጦ ቆመ፤ ቀስ በቀስ፣ በጣም ቀስ በቀስ፣ ትከሻው ወረደ። አንዱ እንግዳ ማልቀስ ጀመረ። አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ ጣቱን ቀሰረበት። "አንተ... ውጭ" አለው።

እትዬ ዳማከሴውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ነበር። "ሦስት ወር ሙሉ..." አሉ፤ "ሦስት ወር ሙሉ ካንሰርን በዳማከሴ ሳሽ ኖርኩ?" ተናደዱ፣ በእውነት ተናደዱ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው መደበቅ ምን የሚሉት ጉድ ነው፣ እሳቸው ባዳ ናቸው ወይ፣ እያሉ ወረዱብኝ። ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ማንም ሳይደግፋቸው ተነሱና የሳሎኑን መስኮቶች አንድ በአንድ ከፈቱ። የኩሽናውን ከፈቱ። ቤዝመንት ወርደው የቤዝመንቱን ከፈቱ።

እኔ ጋራዥ ገብቼ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቃሉ ቤታችን ውስጥ ተነገረ። ተነግሮም ጣሪያው አልወደቀም፤ ይልቁንም አየር ገባ። ግን ፈራሁ። አባቴ ምርቃቱ ላይ ይደርሳል ወይ ብዬ፣ ቢደርስስ ሰው ሁሉ ፊት ቃሉ አፉ ላይ ቢቀርበትስ ብዬ ፈራሁ። ከሕመሙ በላይ የሚገድለው ያ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ የንፋስ ሹም ሆኑ። ከሰው የሚበልጥ ቋሚ ማራገቢያ በልጃቸው መኪና አስጭነው አመጡ። በሩ ላይ ወንበር ይዘው ለሚገባው ሁሉ ሕግ ያነባሉ፤ መስኮት አይነካም፣ ከአምስት ሰው በላይ አይገባም፣ ማልቀስ ውጭ ነው። ዝናብ የጣለ ቀን ሳይቀር መስኮቱ ክፍት ነው። እንግዳው ሶፋው ላይ ጃኬቱን እንደለበሰ ተኮራምቶ ይቀመጣል። "እትዬ፣ ትንሽ ቀዘቀዘ መሰለኝ" ያለ ሰው ካለ፣ "ቤትህ ሂድና ሙቅ!" ይሉታል። ነርሷ ማክሰኞ መጥታ ይህን ስታይ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ። አሁን ሁሉንም ነገርኳት፤ ብርዱንም፣ ዳማከሴውንም፣ ባትሪውንም። እስክጨርስ ሳቀች፤ ቀጥሎ ቁጭ ብላ የምርቃቱ ቀን ጠብታው በስንት ሰዓት መወሰድ እንዳለበት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ጻፈችልኝ።

ልጄ የተመረቀችው በሜይ የመጨረሻው እሑድ ነው። ከሰዓት በኋላ ጓሯችን ውስጥ ድንኳን ተክለናል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የዌርሃውሱም የታክሲውም ሰው መጥቷል፤ ባለቤቴም ትራኩን አቁሞ ደርሷል። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጠረጴዛ ላይ ትራስ ተደርጎለት ተደግፏል። እትዬ ከጎኑ ቆመው ማራገቢያዋን ፊቱ ላይ ይዘውለታል፤ ቀኝ እጃቸው ሲደክም በግራ ይይዛሉ። ልጄ በጋዎኗ ሣሩ ላይ ተንበረከከች። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ሣር ማጨጃውን አጠፋና ኮፍያውን አወለቀ። ምን እንደሆነ ያውቃል ብዬ አይደለም፤ ሁላችንም ዝም ስላልን ነው።

አባቴ እጁን ራሷ ላይ አደረገ። "ለዚህ ያደረሰን... ይመስገን" አለ።

"አሚን!" አልን።

"አባትና እናትሽን... ያኑርልሽ።"

"አሚን!"

"እግርሽ... የረገጠው..."

ቆመ። ትከሻው ወጣ። ከንፈሩን አሾለ፤ አልወረደም። "የረገጠው..." አለ እንደገና፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ዓረፍተ ነገሩ ስላላለቀ አሚን ማለት አይቻልም። ያ ሁሉ ሰው እጁን ዘርግቶ፣ የረገጠው ምን ይሁን እንደሚባል እየጠበቀ ነው። ልጄ ከሥር ቀና ብላ "አባባ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ዩ ካን ስቶፕ" አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም፤ ሕመም አልነበረም፣ እፍረት ነበር። ላስቆመው ተነሳሁ።

"አሜ———ን!" አሉ እትዬ።

ምንም ባልተባለበት። ሰው ዞሮ አያቸው። እሳቸው ማንንም አላዩም፤ ማራገቢያዋን አስጠግተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ያንን አሜን እንደ መኪና ጡሩምባ አስረዘሙት። ባለቤቴ ተቀላቀለ። ከዚያ እኔ። ከዚያ ጓሮው በሙሉ፤ የክርስቲያኑ አሜንና የሙስሊሙ አሚን ተደባልቆ ረዘመ፣ ረዘመ፣ አባቴም ከሥሩ ተከልሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ትከሻው ወረደ። ጣቱን አነሳ፤ ዝም አልን።

"...ይለምልም" አለ።

ሥራችን ያኔ ገባን። እሱ ሁለት ቃል ይላል፣ እኛ ጣቱ እስኪነሳ አሚንን እንይዝለታለን። ችግሩ አሚኑ የት እንደሚወድቅ አለመታወቁ ነበር።

"ፈተናው..."

"አሚ——ን!"

"...ይቅለልሽ። ሰካራም ባል..."

"አሚ——ን!" ብሎ ጓሮው አስተጋባ።

"...አይግጠምሽ!" አለ አባቴ ተቻኩሎ። ሳቅ ተነሳ፣ ልጄ ሣሩ ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ እሱም ሳቀና ሳቁ ትንፋሹን ጨረሰበት፣ ለሳቁም አንድ ሙሉ አሚን ያዝንለት። እንዲህ እንዲህ እያለ መኪናዋን መረቀላት፣ የኮሌጅ ዶርሟን መረቀላት፣ ያላየችውን ልጇን መረቀላት። የጥርሷንና የዓይኗን ተራ አላለፈም። "መስኮትሽ... ይከፈት" ሲል እትዬ ማንንም ሳይጠብቁ ብቻቸውን አሜን አሉ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ የቆጠረ የለም።

በመጨረሻ ሁለቱንም እጁን ራሷ ላይ ጫነ።

"ዕድሜሽ..." አለ።

ያዝንለት። ረጅም ያዝንለት።

"...ከእኔ ይርዘም።"

"አሚ———ን" አልን። አባቴ እጆቹን ዘርግቶ ፊቱን ዳበሰ፤ ምርቃት ሲያልቅ እንደሚደረገው። አላቆምንም። ጣቱን አነሳ። አላቆምንም። እትዬ ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ አሜናቸው ግን እንዳለ ነው። ባለቤቴ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ይዟል። እኔም ደረቴ እየተቃጠለ ይዤዋለሁ፤ ሁላችንም ያቆምን እንደሆነ እሱም የሚያቆም መስሎን ነበር። አባቴ ዞር ዞር ብሎ አንድ በአንድ አየን፤ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

"ጨርሻለሁ እኮ!" አለ። "ኧረ ተንፍሱ እናንተ ሰዎች!"